ከዳውራ እስከ ልደታ

ስለ ጉዞ ጻፊ ስባል መጀመሪያ ያሰብኩት በፍልሰታ ሰሞን ወደ ሐሪሳ ተራራ የወጣንበትን ቀን ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ትዳሬ የፈረሰበትን መንገድ ነው። መንገድ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም፤ በእግር፣ በሰርቪስ፣ በአውሮፕላንና በባቡር የተሄደበት መንገድ ነው። በስደት ላይ ሆና ትዳሯ የተናጋባት እኅት በየቤቱ አለች። ብዙዎቻችን ግን ወሬውን በስልክ ሰምተን፣ ኩሽና ውስጥ አልቅሰን፣ ዓይናችንን ታጥበን ወደ ሥራችን እንመለሳለን እንጂ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚኬድ የሚነግረን የለም።

ዳውራን ለማታውቁ፣ በሳዑዲም በኩዌትም በዱባይም ላላችሁ፣ ላስተዋውቃችሁ። ዳውራ በቤይሩት ሰሜናዊ መውጫ ያለ ትልቅ አደባባይ ነው። ወደ ጁኒዬና ወደ ትሪፖሊ የሚሄዱ ቫኖች ከዚያ ይነሣሉ። ከጎኑ ቡርጅ ሐሙድ አለ፤ ከእልቂት የተረፉ አርመኖች መጥተው የሠሩት ሠፈር ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው እንደ ሸረሪት ድር ከሰገነት ሰገነት የተዘረጋ፣ ወርቅ ቤቱ ብዙ። እኔ በምነግራችሁ ዘመን፣ ማለት ከ2012ቱ የሊራ ውድቀትና ከወደቡ ፍንዳታ በፊት፣ እሑድ እሑድ ዳውራ የእኛ ከተማ ነበረች። በአንድ በኩል ፊሊፒኖዎች፣ በአንድ በኩል ስሪላንካዎች፣ በሌላው እኛ። ሹሩባ የሚሠራው ይሠራል፤ በርበሬና ሽሮ የሚገዛው ይገዛል፤ ገንዘብ የሚልከው ሰልፍ ይዞ ይቆማል። ከአሽረፊዬ እስከዚያ በሰርቪስ 2,000 ሊራ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 1,500 ሊራ ነበርና 2,000 ሊራ ለእኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ድልድዩን ተሻግሬ በእግሬ እሄድ ነበር።

ወሬውን የሰማሁት እዚያው ዳውራ፣ ቡና በምንጠጣባት አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ጊዜው ኅዳር 2009 ዓ.ም. ነው። ታናሽ እኅቴ ደወለችና «እትዬ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ። እንዲህ ብላ ስትጀምር እናቴ የሞተች መስሎኝ ጉልበቴ ከዳኝ። እናቴ ደኅና ነበረች። ባለቤቴ ግን እኔ በላኩት ገንዘብ በተገዛው ቤት ውስጥ ሌላ ሴት አስገብቶ ነበር። ልጄማ ቀድሞውንም ከእናቴ ዘንድ ስለሆነ ያየው ነገር የለም። እኅቴ ይህን እየነገረችኝ እኔ የማየው የጀበናውን ጢስ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ቀን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የቡናው መቃጠል ሽታ ነው፤ ያፈላችው ልጅ እኔን ስታይ ረስታው ከሰለ።

ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ቤይሩት ከገባች ያኔ 20 ዓመት ያለፋት እናት ነበረች። ሌሎቹ ከበውኝ ሲያለቅሱና ሲራገሙ እሷ ዝም ብላ ቆየችና «ውክልና ሰጥተሽዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰጥቼዋለሁ። በ1999 ዓ.ም. ስወጣ ለቤት መግዣ፣ ለመሸጫ፣ ለባንክ፣ ለሁሉም ብዬ ፈርሜ ነበር የመጣሁት። «እንግዲያው ዛሬ ደውለሽ አትጩኺበት» አለችኝ። «መጀመሪያ ውክልናውን ሻሪ። የተናደደ ሰው ውክልና በእጁ ካለ ሌሊቱን ቤት ይሸጣል።»

እኔ ይህን ምክር ያኔ በልቤ ተቀይሜባታለሁ። ልቤ ተሰብሮ ስለ ወረቀት ታወራኛለች ብዬ። ዛሬ ግን ከዚያች ቃል የበለጠ ማንም አልጠቀመኝም እላለሁ። በዚያች ቡና ቤት ውስጥ ምስክር ነበራት፤ ከጎንደር የመጣች አንዲት እኅት የስምንት ዓመት ደመወዟን ልካ ቤቱ የተገዛው በባሏ ወንድም ስም ነበር። ሲፋቱ ባልየው «እኔ ምን አለኝ? ቤቱ የወንድሜ ነው» አለ። ገንዘቡ የእሷ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በሦስተኛ ሰው ስም የተገዛን ቤት «የእኔና የባሌ ነው» ብሎ ማስረዳት ግን እጅግ ከባድ ነው፤ እሷም አልቻለችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ «እዚህ መፋታት ይቻላል ወይ?» የሚል ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከማላስበው ቦታ፣ ከማዳሜ ነው። ፓስፖርቴ እሷ ካቢኔ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቆንስላ ደግሞ የሚሠራው በሥራ ቀን ነው፤ ስለዚህ ሳልነግራት የምሄድበት መንገድ አልነበረም። ሦስት ቀን ቃላት ስመርጥ ቆይቼ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሳበችልኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሷ ሳሎን ውስጥ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

የማዳሜ ታናሽ እኅት ከባሏ ከተለየች ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ፍቺዋ ግን አላለቀም። ምክንያቱን ያኔ ነው የተረዳሁት። በሊባኖስ ለሁሉ የሚሆን አንድ የጋብቻ ሕግ የለም። መንግሥት የሚያውቃቸው 18 የሃይማኖት ወገኖች አሉ፤ 15 የተለያዩ የቤተሰብ ሕጎች አሏቸው፤ ጋብቻና ፍቺ የሚዳኘው በየሃይማኖቱ ፍርድ ቤት ነው። ማዳሞቹ ማሮናውያን ናቸው። የማሮናውያን ቤተ ክርስቲያን ፍቺ አትፈቅድም፤ የምትመለከተው ጋብቻው ከመጀመሪያው ጋብቻ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ነው፤ ይህም ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይበላል። በመዘጋጃ ቤት መጋባት የሚፈልጉ ሊባኖሳውያን አውሮፕላን ተሳፍረው ቆጵሮስ ይሄዳሉ። እነዚያ ሲጣሉ የሚዳኙትም በተጋቡበት ሀገር ሕግ ነው። ማዳሜ ይህን ሁሉ አስረድታኝ ሲያበቃ «አንቺ የተጋባሽው ሀገርሽ ነው፤ ጉዳይሽም እዚያ ነው» አለችኝ። ፓስፖርቱን አወጣችና በእጄ ሰጠችኝ። ይህን ያልታደለች እኅት ብዙ እንዳለች አውቃለሁ፤ ማዳሜን የማመሰግነውም ስለዚሁ ነው።

ጥር 2009 ዓ.ም. ላይ በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት ቆንስላ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ ያለችው ፓስፖርቷ የጠፋባት፣ ከኋላዬ ያለችው ሕፃን የታቀፈች። ሁላችንም በእጃችን ፌስታል ይዘናል፤ ወረቀቶቻችን ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ከዕቃችን ይልቅ የሚያስፈራን የዚያች ፌስታል መጥፋት ነው።

ሁለት ወረቀት ፈረምኩ። አንደኛው የቀድሞውን ውክልና የሚሽር ነው። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ የባል ፈቃድ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ለእኅቴ የሚሰጥ አዲስ ውክልና ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። «ስለ እኔ ሆና ማንኛውንም ነገር ትሥራ» የሚል ውክልና የበቃ ይመስለናል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን እንዲህ ያለው ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብን፣ ቤት ማሳደስን የመሳሰለውን። ለመክሰስና ለመከሰስ፣ ቤት ለመሸጥ፣ ለመታረቅ ሥልጣኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። በእኔ ላይ «የፍቺ ጥያቄ እንድታቀርብ፣ የጋራ ንብረት ክፍፍል እንድትጠይቅ፣ ጠበቃ እንድታቆም፣ ይግባኝ እንድትል» ተብሎ ተጻፈ። ጸሐፊው እነዚህን አንድ በአንድ ሲያነብልኝ «ፍቺ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ወረቀቱ ከእኔ ቀድሞ ሀገሩ ገባ። አንዲት ለዘመን መለወጫ ያልደረሰላት፣ ለጾም መያዣ የምትሄድ የሰሜን ሸዋ ልጅ በሻንጣዋ ይዛልኝ ሄደች። ከቦሌ ግን በቀጥታ ፍርድ ቤት አይገባም። መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዶ የቆንስላው ማኅተምና ፊርማ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። የመሻሪያውም ወረቀት እንዲሁ። እኅቴ በዚህ ላይ ሌላ ብልኃት ጨመረችበት፤ የመሻሪያውን ግልባጭ ይዛ ገንዘብ ወዳለበት ባንክ ሄዳ አስመዘገበችው፤ ለባለቤቴም በምስክር ፊት ሰጠችው። መሻሩን ያላወቀ ሰው በቅን ልቦና ከእሱ ጋር ቢዋዋል ጭቅጭቁ ለእኔ ነበር የሚተርፈው።

መዝገቡ የተከፈተው መጋቢት 2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስረዝምባችሁም። መጥሪያ ተላከ፤ ቤት የለም ተባለ። እንደገና ተላከ፤ ክፍለ ሀገር ሄዷል ተባለ። ነሐሴ ገባና ፍርድ ቤቱ ለክረምት ዕረፍት ተዘጋ፤ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ። በየእሑዱ ዳውራ እየመጣሁ እደውላለሁ፤ እኅቴ «ቀጠሮ ነው» ትለኛለች። ቀጠሮ የሚለውን ቃል ከዚያ ዓመት ወዲህ አልወደውም።

በውክልና ሊያልቅ ይችል ነበር። እኔ ግን ፈቃድ ጠይቄ ለገና ሄድኩ። ምክንያቴን ጠበቃዋ ጠይቃኝ ነበር፤ «ልጄን ለማየት» አልኳት። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። ያንን ሰው ፊት ለፊት ማየት ፈልጌ ነበር። አሥር ዓመት በስልክ ብቻ የማውቀውን ትዳር በስልክ መጨረስ አቃተኝ።

ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውሮፕላን የሚነሣው በሌሊት ነው። እንደ ተነሣ የባሕሩ ጥቁርነት ከሥር ይታያል። በዚያ መስመር የሄደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነው፤ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. 90 ሰዎችን ይዞ ከዚያው ሜዳ ተነሥቶ ደቂቃዎች ሳይቆይ ባሕር ውስጥ የወደቀውን አውሮፕላን። ከእነዚያ መካከል እንደ እኔ ሻንጣቸውን ለእናታቸው የሞሉ እኅቶች ነበሩ። የከተማው መብራት እስኪጠፋ ድረስ አውሮፕላኑ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ከጎኔ ያለችው ልጅ አማተበች፤ እኔም አማተብኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስማችንን የተዋወቅነው።

ቦሌ ላይ አንድ ረጅም ጎረምሳ እቅፍ አበባ ይዞ ቆሟል። አልፌው ሄድኩ። እኅቴ «እትዬ! ልጅሽን ጥለሽው ወዴት?» ብላ ጮኸች። የአራት ዓመት ሕፃን ትቼ ነበር የሄድኩት። እሱም «እማዬ» አላለኝም፤ «እንኳን ደኅና መጣሽ» አለኝ፤ እንደ እንግዳ። ስለ ፍቺ በምጽፈው ጽሑፍ ውስጥ ይህን ለምን አስገባሁት? በዚያ ዓመት ካየሁት ሁሉ የከበደኝ እሱ ስለ ነበረ ነው።

ልደታ በባቡር ሄድን። ስወጣ ያልነበረ ባቡር ነው፤ ከስታዲየም ተነሥተን ለገሐርን፣ ሜክሲኮን፣ ተግባረ እድን አልፈን ልደታ ወረድን። የቤተ ክርስቲያኗን ጉልላት አይቼ ከሩቁ ተሳለምኩ። ፍርድ ቤቱ ከዚያ ሩቅ አይደለም። በሩ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች፣ ሻይ የምታፈላ ሴት፣ ፋይል በደረቱ የታቀፈ ሕዝብ። ዳውራን አስታወሰኝ። እዚያም ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ነው የሚቆመው።

ጠበቃ የመያዝ አቅም የሌላቸው ሴቶች እንዳይፈሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። እኅቴ መጀመሪያ የሄደችው እዚያ ነበር፤ ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ ያስረዷት እነሱ ናቸው።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው። እኔ ፊልም ላይ እንደማየው ሰፊ አዳራሽ ጠብቄ ነበር። ባለቤቴ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ከስቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። በአሥር ዓመት ንዴት ያጠራቀምኩት ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው። በየተራ አነጋገሩን፤ ቀጥሎ አንድ ላይ። «ሽማግሌ ገብቶ ነበር? እርቅ አይቻልም?» አሉ። ሕጉ ዳኛው ባልና ሚስቱን እንዲያስማማ ያዝዘዋል፤ ካልሆነም ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ለእኛም ሦስት ወር ተሰጠን። የእኔ ፈቃድ 45 ቀን ነበር፤ 20ው አልፏል። ኢቃማዬ ሳይቃጠል መመለስ ነበረብኝ። በዚያን ሰዓት ነው ለእኅቴ የሰጠኋት ውክልና ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ፤ እሱ ባይኖር ወይ ሥራዬን ወይ መዝገቤን ጥዬ ነበር የምሄደው።

ሽማግሌዎች አልገቡም ማለቴ አይደለም። ከዚያ በፊት የእኔም የእሱም ወገኖች ተቀምጠው «ተለያይተዋል» ብለው ተፈራርመው ነበር። እናቴ ያንን ወረቀት ይዛ «አለቀ» ብላ ነበር። አላለቀም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠው። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። በሰማንያም ተጋቢ፣ በባህልም ተጋቢ፣ በቁርባንም ተጋቢ፣ በሕግ ፊት ጋብቻው እኩል ነው፤ የሚፈርሰውም በዚያው በር ነው። በተክሊልና በቁርባን የተጋባችሁ እኅቶች ከንስሐ አባታችሁ ጋር የምትነጋገሩት ሌላ ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ፤ እኛ የተጋባነው በሰማንያ ስለነበር እኔ በዚያ በኩል የምመሰክረው የለኝም። ሕጉ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው፤ ትግራይን፣ አማራንና ኦሮሚያን የመሳሰሉ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋልና ከዚያ የሆናችሁ የየአካባቢያችሁን ጠይቁ።

ልጁን ዳኛዋ ለብቻው ጠርተው አነጋገሩት። ምን እንዳላቸው አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትምም። ከአያቱ ጋር እንዲቆይ ተወሰነ። ከፍርድ ቤቱ ወጥተን ባቡር ስንጠብቅ ክንዴን ያዘኝና «እማዬ፣ ብርድ ነው፣ ነጠላሽን ልበሺ» አለኝ። የመጀመሪያዋ «እማዬ» ይህች ናት።

ግንቦት 2010 ዓ.ም. ላይ አሽረፊዬ በረንዳ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። «ተወሰነ» አለች እኅቴ። ውኃውን ዘጋሁት። ከሦስተኛ ፎቅ ወደታች አየሁ፤ ጋዝ የሚሸጠው ሰውዬ መኪናውን እያንጫረረ ያልፋል። ልቅሶም ሳቅም አልመጣልኝም። መጥረጊያውን አንሥቼ የቀረውን በረንዳ ጨረስኩ።

ፍቺውና ንብረቱ አንድ ቀን አያልቁም። የንብረቱ ነገር ሌላ አንድ ዓመት ወሰደ። አየር ጤና ያለው ቤት በባለቤቴ ስም ነው፤ ካርታው ላይ የእኔ ስም የለም። እኔም በዚህ ምክንያት ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሕጉ ግን የሚለው ሌላ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ ባልና ሚስት በሥራቸው ያፈሩት ሁሉ የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ሆኖ ይቆጠራል። ባለቤቴ «ከአባቴ ውርስ ነው የገዛሁት» አለ። ውርስ የግል ሀብት ነውና ቢያስረዳ ኖሮ ይቀናው ነበር። የእኔ የኒዶ ቆርቆሮ የጠቀመችኝ እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ በላክሁ ቁጥር ደረሰኙን በባዶ የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጥ ነበር፤ ለምን እንደማስቀምጥ ሳላውቅ፣ እንዲሁ መጣል አሳዝኖኝ። በ2003 ዓ.ም. ቤቱ በተገዛበት ወር በሦስት ጊዜ የላክሁት 3,200 ዶላር ከነቀኑ ተገኘ። አንዳንዱ ደረሰኝ ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ብቻ ሆኗል፤ ስለዚህ እናንተ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። እሱ የውርሱን ወረቀት አላመጣም። ቤቱ ተገመተ፤ ግማሹን ከፍሎኝ ቤቱን እሱ ወሰደ።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ጠበቃዋ «አንቺስ ባንክ ያለሽ?» ስትለኝ «የራሴን ላብ?» አልኳት። በስሜ ያጠራቀምኩት 41,000 ብር ነበር። እሱም የጋራ ነው፤ በሕጉ የእኔ ደመወዝ የእሱ፣ የእሱ የሚኒባስ ገቢም የእኔ ነበርና። ከሚከፍለኝ ላይ 20,500 ብር ተቀነሰ። ተናድጄ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በኋላ ሳስበው ግን ቤቱን የሰጠኝ ሕግና ይህን የወሰደብኝ ሕግ አንድ ሕግ ነው፤ አንዱን ተቀብዬ ሌላውን እምቢ ልል አልችልም። ዛሬም ግን ሳስታውሰው ትንሽ ያመኛል፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከቤት መውጣት የማይፈቀድላችሁ እኅቶች ይህን አንብባችሁ «እኔስ ቆንስላ እንዴት እደርሳለሁ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ውክልና በአካል ቀርቦ መፈረምን ይጠይቅ ነበር። ነገር ግን ለዕረፍት ሀገር ቤት ስትገቡ፣ ጠብ ሳይመጣም ቢሆን፣ የቀድሞው ውክልና ላይ ምን እንደተጻፈ አስነብቡ። አብዛኞቻችን የፈረምነው ሳናነብ፣ በረራ ሊያመልጠን ሲል ነው። ሊሻር የሚገባው ካለ እዚያው ውልና ማስረጃ ይሻራል።

የፍቺውን ውሳኔ እኅቴ ወረዳ ወስዳ ወሳኝ ኩነት አስመዘገበችው፤ የምስክር ወረቀቱም ከአንዲት እኅት ጋር ቤይሩት ደረሰኝ። በኒዶዋ ቆርቆሮ ውስጥ ከደረሰኞቹ በላይ አስቀመጥኩት።

በዚያው ዓመት ኢቃማዬ ሲታደስ ማዳሜ ሳሎን ተቀምጣ ቅጹን ትሞላልኛለች፤ እኅቷም መጥታ ነበር። ማዳሜ ስሜን ጻፈች፤ የእናቴን ስም ጠየቀችኝ፤ ቀጥላ «ያገባች» የሚለው ላይ እስክሪብቶዋን ልታሳርፍ ስትል «ላ፣ ማዳም፣ ሙጠለቃ» አልኳት። የተፋታች ማለት ነው። ቃሉን በአፌ ስለው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ በአማርኛም ገና አላልኩትም ነበር። የማዳሜ እኅት ከሶፋው ቀና አለች።

«መቼ አለቀልሽ?» አለችኝ።

«በግንቦት።»

«ስንት ጊዜ ወሰደ?»

ቆንስላ ከሄድኩበት ቀን ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩላት። «አንድ ዓመት ከአራት ወር።»

ዝም አለች። የእሷ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል። ከዚያ ትስቅ ጀመር፤ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀች፤ ማዳሜም ሳቀች፤ እኔም ምኑ እንደሚያስቅ ሳላውቅ አብሬ ሳቅሁ። ስታበቃ ተነሥታ ራክዋውን ይዛ ኩሽና ገባች። ልቀበላት ስል በእጇ ከለከለችኝ፤ ቡናውን ራሷ አፍልታ ለሦስታችን ቀዳች።